«አንድም» እንበል!

ከደሴ ተነስተን ወደ ወልዲያ ስንጓዝ፣ ሐይቅን አልፈን አምባሰል ውስጥ ውጫሌን እናገኛለን። እዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ አንድ ውል ተፈራረሙ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያን ግን የራሷን ጽሑፍ ይዛ ፈቃዱን ግዴታ አደረገችው። በአንዲት ግስ ምክንያት ነጻ አገር በወረቀት ላይ ጥገኛ ሆነች።

ታዲያ ነገሩ እንዴት ተደረሰበት? በንባብ ነው። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲጽፉ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣላቸው መልስ ግንኙነቱ በጣሊያን በኩል እንዲሆን የሚያሳስብ ነበር። መልሱን ተቀብለው ዝም አላሉም። የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ ተመሳከረ፤ የሚለያዩበት ቦታ ተለየ፤ ለጣሊያኑ ንጉሥ ለኡምቤርቶም ልዩነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈ። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ጎራዴ ከመመዘዙ በፊት አንድ ዐረፍተ ነገር በጥንቃቄ ተነብቧል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የሆነው በሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደብተር ይዘው ለሚመላለሱት ልጆቻችን ዛሬ የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ችሎታ ነው፤ ቃልን ማየት፣ ማመሳከር፣ መጠየቅ፣ ከዚያም በማስረጃ መናገር።

የት ላይ እንዳለን እንወቅ

ተስፋ ያለው ሰው ቁጥር አይፈራም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ደረሱ። ምክንያቱ ብዙ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤት አስዘግቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቋል፤ ከዚያ በፊትም የደሴ ትምህርት ቤቶች መማሪያ ክፍሎቻቸውን ለተፈናቃይ ወገኖች ለቀው ነበር። ይህን ሁሉ ያለፈ ልጅ ዛሬ ደብተሩን አንስቶ ክፍል መግባቱ ራሱ ጀግንነት ነው።

ከምክንያቶቹ መካከል ግን በእጃችን ያለ አንድ አለ፤ ንባብ። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በኢትዮጵያ ከ10 ሕፃናት 9ኙ በ10 ዓመታቸው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። እነዚህ ልጆች ያድጋሉ፤ 9ኛ ክፍልም ይደርሳሉ። እዚያ ሲደርሱ የፊዚክሱ፣ የባዮሎጂው፣ የታሪኩና የጂኦግራፊው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። መምህሩ ቀመር ያስተምራል፤ ተማሪው ግን ከቀመሩ በፊት ያለውን ዐረፍተ ነገር አላለፈውም። ፈተና ላይ «ኤክሴፕት» (በስተቀር) የምትለውን አንዲት ቃል ዘልሎ፣ የሚያውቀውን ጥያቄ ይስታል። «አት ሊስት» (ቢያንስ) እና «አት ሞስት» (ቢበዛ) ተቀላቅለውበት፣ በትክክል የሠራውን ሒሳብ ይሳሳታል። ከዚያ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ራሱን ይፈርጃል። ወዳጄ፣ የከበደህ ሒሳቡ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄውን እንዴት እንደምታነብ ያሳየህ ሰው አላገኘህ ይሆናል። እሱ ደግሞ የሚለመድ ነገር ነው!

ንባብ የማን ሥራ ነው?

«ማንበብና መጻፍ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ ነው» የሚል ልማድ አለን። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር በ1975 እ.ኤ.አ. በአለን ቡሎክ የተመራ ኮሚቴ የቋንቋ ትምህርትን መርምሮ ካቀረባቸው ትልልቅ ምክሮች አንዱ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ የቋንቋ ችሎታን የሚያሳድግበት መርሕ ይኑረው የሚል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። የታሪክ ሰነድ፣ የኬሚስትሪ ቀመርና የጂኦግራፊ ካርታ የሚነበቡበት መንገድ የተለያየ ነው፤ የካርታን ንባብ ከጂኦግራፊ መምህር የተሻለ የሚያሳይ የለም። እንግዲህ እያንዳንዱ መምህር በራሱ የትምህርት ዓይነት የንባብ መምህር ነው።

መምህራን ይህን ሲሰሙ «ምዕራፉን ለመጨረስ ጊዜ የለንም፤ በዚህ ላይ ንባብ ጨምሩበት?» ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ነው፤ ክፍለ ጊዜውም አጭር ነው። ግን የምለው አዲስ ምዕራፍ ስለመጨመር አይደለም። ያንኑ ምዕራፍ በሌላ አገባብ ስለመክፈት ነው። በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ሚኒባሱ ከደሴ ተነሳ

ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ይጻፍ፤ «አንድ ሚኒባስ ከደሴ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስቶ 25 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኮምቦልቻ 2 ሰዓት ከ45 ደረሰ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብዙ ተማሪ ቁጥር ሲያይ እጁ ይቸኩላል። 25ን ለ45 ያካፍልና 0.56 ብሎ ጽፎ ካልኩሌተሩን ያስቀምጣል።

አሁን መምህሩ ቀመሩን ከመድገም ይልቅ «ልጆች፣ እርሳስ አስቀምጡ። ቁጥሩን በእጃችሁ ሸፍኑና ታሪኩን ለጎረቤታችሁ በአማርኛ ንገሩ» ይበል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ! ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ቀጥሎ «የተጠየቀው ምንድን ነው? ከስሩ አስምሩበት» ይበል። ያኔ አንዷ ልጅ «በሰዓት» የምትለውን ቃል ታገኛለች፤ 45ቱ ግን ደቂቃ ነው። በመጨረሻም ከሁሉ የምትበልጠው ጥያቄ ትምጣ፤ «ይህ መልስ ያስኬዳል ወይ?» በሰዓት 0.56 ኪሎ ሜትር ማለት በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ሚኒባሱን ጥሎት ያልፋል ማለት ነው። ክፍሉ ይስቃል፤ የሚስቀው ስለገባው ነው። 45 ደቂቃ የሰዓት ሦስት አራተኛ ነው፤ 25 ለ0.75 ሲካፈል 33 ከምናምን ይመጣል። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ የወረደ ልጅ ሁሉ «አዎ፣ ይህስ ያስኬዳል» ይላል።

በዚያው ጥያቄ ላይ ሌሎች መምህራንም መቆም ይችላሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። የጂኦግራፊው መምህር «በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ የሚለወጥ ከሆነ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሹራባችንን የምናወልቀው ለምንድን ነው?» ይበል። ልጆቹ አስልተው ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት ያገኛሉ፤ ሰውነታቸው የሚያውቀውን ነገር ቁጥር ሲመሰክርላቸው ዓይናቸው ይበራል። የሒሳቡ መምህር «መንገዱ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ 26 ሜትር ይወርዳል፤ ታዲያ ይህ አማካይ የሚደብቀው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጠመዝማዛውን የሚያውቅ ልጅ አማካይ ቁጥር ገደሉንም ሜዳውንም እንደሚያስተካክለው ወዲያው ይረዳል። የፊዚክሱ መምህር ደግሞ ሹፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርደው፣ ፍሬን ላይ ብቻ ቢተማመን ፍሬኑ የሚግለው ለምን እንደሆነ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያስጽፍ። አንድ መንገድ የብዙ ትምህርት መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

ወሎ ይህን ያውቃል

«ተማሪ ራሱ እንዲያስብ ማድረግ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ በቦሩ ሜዳ በኩል ይለፍ። የቦሩ ሥላሴው ሊቅ መምህር አካለ ወልድ ስማቸው ዛሬ በአንድ የደሴ ትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፎ ይነበባል። እሳቸው በኖሩበት የትርጓሜ ትምህርት መምህሩ ንባቡን ካስነበበ በኋላ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ እዚያ ላይ ግን አይቆምም። «አንድም» ይልና ሁለተኛውን ያስከትላል፤ እንደገና «አንድም» ይልና ሦስተኛውን ያመጣል። ትርጓሜው ራሱ «አንድምታ» የተባለው ከዚህች ቃል ነው። ይህች ቃል ትልቅ ትምህርት ተሸክማለች፤ ጽሑፍን በአንድ ዓይን ብቻ አትይ፣ ሌላም መንገድ አለ፣ ግን እያንዳንዱን መንገድ ከንባቡ አስደግፍ ትላለች።

በዚያው ወሎ፣ በዳናና በጌታ ባሉት የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ከሸኹ ፊት ዘርግቶ ዐረብኛውን ያነብባል፤ ፍቺውን በአገሩ ቋንቋ ይቀበላል። እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ዕውቀቱን ለሕዝባቸው አድርሰዋል። ትምህርቱ በአንድ ቋንቋ፣ መረዳቱ በሌላ ቋንቋ። ይህ ዛሬ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ሁኔታ አይደለምን? አባቶቻችን በባዕድ ቋንቋ የተጻፈን ነገር በእናት ቋንቋ እየፈቱ መማርን ያውቁበት ነበር። እንግዲህ የባዮሎጂ መምህር የእንግሊዝኛውን አንቀጽ ካስነበበ በኋላ «በአማርኛ ንገሩኝ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው እንመለሳለን» ቢል ሥርዓት አላፈረሰም፤ የቆየ ጥበብ አስቀጠለ እንጂ።

«የጥንቱ ትምህርት ሽምደዳ ነበር» የሚሉ አሉ። አዎ፣ በቃል መያዝ ነበረበት፤ ብዙ ነበረበት። ነገር ግን የቃል ጥናቱ የጉዞው መጀመሪያ ነበር፤ ተማሪው ወደ ትርጓሜው ቤት ሲሻገር የያዘውን መፍታት ይጠበቅበታል። እኛ ዛሬ ያጠፋነው ይህንን መሻገሪያ ነው። ልጆቻችን ኖቱን ይሸመድዳሉ፤ «አንድም» የሚልላቸው ግን አያገኙም። መሻገሪያውን መልሰን እንሥራው!

ቦርከና እንደ መጽሐፍ

በአንድ ሰሚስተር አንድ ሳምንት ይመረጥና ሁሉም መምህራን ስለ አንድ ጉዳይ ያስተምሩ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ከቦርከና ወንዝ የተሻለ መጽሐፍ የለም። ደሴን ነክቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። ጂኦግራፊ መነሻውንና መድረሻውን በካርታ ታንብብ። ባዮሎጂ በውኃው ውስጥና ዳር የሚኖረውን ትመዝግብ። ኬሚስትሪ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ ውኃን እንዴት እንደሚለውጥ ትጠይቅ። ሒሳብ የተሰበሰበውን ቁጥር በግራፍ ታሳይ። የዜግነት ትምህርት «ከላይ ያለው ሰው ከታች ላለው ሰው ያለበት ግዴታ ምንድን ነው?» ትበል። አማርኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰብስባ ለከተማው አስተዳደር የሚላክ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ታስጽፍ። ልጁ ደብዳቤውን ሲጽፍ አንድ ነገር ይማራል፤ «ወንዙ ቆሽሿል» ማለትና «በዚህ ቀን፣ በዚህ ድልድይ ሥር፣ ይህን አየን» ማለት እንደሚለያዩ። የመጀመሪያው ስሞታ ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ነው።

የዚህ ጥቅም ፈተና ላይ ብቻ አያበቃም። የኮምቦልቻ ልጅ ነገ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የማሽን መመሪያ ያነብባል፤ ወይም በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ ያንን ማሽን የሚያሻሽል ይሆናል። የሥራ ውል ሲሰጠው ሳያነብ አይፈርምም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለእናቱ አንብቦ ያስረዳል። የውጫሌ ትምህርት ማለት ይህ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጥቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። ፌስቡክ ላይ የአንድን ብሔር ወይም የአንድን ሃይማኖት ሰዎች የሚያስጠላ ፎቶ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ ወባን በአንድ ቀን ያድናል የተባለ ቅጠል ይመጣል። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰርግና በአንድ ለቅሶ የሚኖርበት አገር ነው። ይህን አብሮነት የሚጠብቀው ወግና ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ያየውን ሁሉ ከማስተላለፉ በፊት የሚያጣራ ወጣትም ጭምር ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የአገሬ ሰው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን በደብተራችን ጀርባ እንጻፍ።

አንድ፦ ይህን ማን አለ? ስሙ ያለ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ወይም ተቋም ነው?

ሁለት፦ በምን ዐወቀ? አይቶ ነው፣ ለክቶ ነው፣ ወይስ ሰምቶ?

ሦስት፦ ሌላውስ ምን ይላል? ሁለተኛ ምንጭ ሲታይ ነገሩ ይጸናል ወይስ ይፈርሳል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለታሪክ ሰነድም፣ ለቤተ ሙከራ ውጤትም፣ ለቴሌግራም መልእክትም ይሠራሉ። ምኒልክ በውጫሌ ውል ላይ ያደረጉትም ሦስተኛውን ነው፤ ሁለቱን ጽሑፎች ማመሳከር።

ከነገ ጀምሮ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎቻችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «ዛሬ የገባኝ…» እና «እስካሁን ያልገባኝ…» የሚሉ። የሁሉንም ደብተር ማረም አይጠበቅባችሁም፤ በየቀኑ አምስት ብቻ አንሥታችሁ አንብቡ፤ የነገውንም ትምህርት ከእነዚያ አምስቱ ጀምሩ። ተማሪ መልስ ሲሰጣችሁ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ «ከየት አገኘኸው?» በሉት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳይጠየቅ መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ያሳያል። ያን ቀን አስተምራችኋል!

ተማሪዎች፣ እህት ወንድሞቼ፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ከማንኛውም መጽሐፍ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። የማታውቁትን ቃል አትዝለሉት፣ መዝግቡት፤ በቀን ሦስት ቃል ቢሆን በዓመት ከሺህ ይበልጣል። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት አትፍሩ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የተባለው ለማሳመር አይደለም። የሳቀብህ ልጅ ነገ ይረሳዋል፤ የጠየቅኸው ግን አብሮህ ይኖራል።

ወላጆች፣ ያልተማራችሁ ብትሆኑ እንኳ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ በእጃችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡናው ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ስትቀመጡ ልጃችሁን «ዛሬ ስንት አገኘህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» በሉት። ቀጥሎም «እስቲ ለእኔ እንዲገባኝ አድርገህ ንገረኝ» በሉት። ለእናቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ ለፈታኙም ማስረዳት ይችላል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ የአንድ ምዕራፍ ፍቺ ያልቃል።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ በወር አንድ ጊዜ የሒሳቡና የአማርኛው መምህር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የአንድን ተማሪ ደብተር እንዲያዩ አድርጉ። አንዱ የቁጥሩን ስህተት ያያል፤ ሌላው የቃሉን። ሁለቱ ሲገናኙ ልጁ ለምን እንደወደቀ ይታወቃል፤ ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቅርብ ነው።

ይህች ምድር የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምድር ናት፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተማሪ ሰብስበው መጻሕፍት ያስጻፉበት። የደረሳና የኪታብ ምድር ናት። የወይዘሮ ስኂን፣ የሆጤ፣ የመምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ምድር ናት። ከባዶ አንጀምርም፤ ያለንን ነው የምንቀጥለው። ቁጥሩ ዛሬ ዝቅ ያለ ቢሆንም አብሽሩ! ቁጥር የሚለወጠው በአንድ ትልቅ አዋጅ ሳይሆን በየቀኑ፣ በየክፍሉ፣ በአንዲት ትንሽ ጥያቄ ነው።

ነገ ጠዋት የክፍሉ በር ሲከፈት ከእናንተ መካከል አንድ ሰው፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ የመጀመሪያውን መልስ ሰምቶ «አንድም» ይበል።